ቱንቢና አድማስ

ስታኞ ሲቀልጥ የሚወጣውን ጭስ አንዴ የለመደ አፍንጫ አይረሳውም። ውስጡ የጥድ ሙጫ አለ፤ ካውያው ሲነካው ቀጭን ነጭ ጭስ ቀስ ብሎ ይነሣል። እኔ በዚያ ሽታ ነው ያደግኩት። ጉለሌ በነበረው ቤታችን እናቴ ለቡናዋ እጣን ስታጨስ፣ እኔ ደጃፉ ላይ የሰው ሬዲዮ ገልብጬ ስታኞዬን አጨሳለሁ፤ ሁለቱ ጭስ በሩ ላይ ይገናኛሉ። «ያንተን ጭስ ወዲያ በልልኝ፤ የቡናዬን ቃና አጠፋኸው» ትለኝ ነበር። ነፍሷን ይማርና፣ ዛሬ ሁለቱን ሽታ ለይተህ ንገረን ብባል እንጃ።

ባለፈው ወር አንድ ካርቶን በፖስታ መጣልኝ። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለለ የአሉሚኒየም ሣጥን አለ፤ ከዳቦ ቁራሽ አይበልጥም። ክዳኑን በካቻቪቴ ስፈታው ያ የሙጫ ሽታ፣ ከአውሮፕላን ቤንዚንና ከአሮጌ ጎማ ሽታ ጋር ተደባልቆ፣ ሃያ ዓመት ከታፈነበት ወጣ። ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ከማድቤት ብቅ ብላ አየችው። «እሱ ነው?» አለችኝ። «እሱ ነው» አልኳት። እሷም አጠገቤ ቁጭ አለች። ሣጥኑን እሷም ታውቀዋለች፤ አንድ ክረምት ሙሉ ጭኗ ላይ ታቅፋው ከርማለች። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

አሜሪካ የገባሁት በ1998 ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ነገሩ የሆነው በእነሱ አገር ስለሆነ ነው። የባድመ ጦርነት የተነሣበት ሰሞን ነበር፤ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ደፍቶ ሳለ፣ እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሻንጣ እሸክፋለሁ። ቦሌ በአውሮፕላን መሣሪያዎች ጥገና ክፍል የሠራሁባቸውን ሰባት ዓመታት በአንድ የፕላስቲክ ፋይል ይዤ ሲያትል ወረድኩ። ያንን ፋይል ይዤ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። አንዱ ቢሮ ውስጥ አንዲት ሴት ወረቀቶቼን በትሕትና አገላብጣ አይታ፣ በትሕትና መለሰችልኝ። ከዚያ መሃል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ፣ በመስተዋት በታጠረች ጠባብ ዳስ ተቀምጬ ቲኬት መቁረጥ ጀመርኩ። እንጀራ ነው፤ አላማርርም። ማታ ማታ ግን ጣቶቼ ያሳክኩኝ ነበር። የለመዱትን ሥራ ያጡ ጣቶች እንደዚያ ያደርጋሉ።

በዳሷ ውስጥ፣ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር፣ ትንሽ ካውያ ደብቄ ነበር። በ2001 የጸደይ ወራት አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋን ሬዲዮ እየጠገንኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ መኪናቸውን አቁመው በመስኮቱ በኩል ያዩኝ ጀመር። ረዥም፣ ጎበጥ ያሉ፣ የሸሚዛቸው ኪስ በእስክሪብቶ የታጨቀ ሰው ናቸው። ለጥርሳቸው ሐኪም ዘንድ ሊሄዱ ነበር አመጣጣቸው። «ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። «ስፒከሩ ደህና ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ለቆ ነው» አልኳቸው። ከኋላቸው መኪና ተሰልፎ ጥሩንባውን ያንባርቃል፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም፤ የስታኞው ጠብታ ቦታው ላይ ተቀምጦ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ጠበቁ። በሳምንቱ የወረቀት ከረጢት ይዘው ተመለሱ። «ይህ ከአውሮፕላኔ የወጣ ነው፤ ድምፁ ጠፋ» አሉኝ።

አውሮፕላኔ ሲሉ ባለጠጋ መስለውኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። አውሮፕላኑን በገዛ ጋራዣቸው፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን፣ በሰባት ዓመት ውስጥ በእጃቸው የሠሩት ነው። አርቪ ስድስት ይባላል፤ ኦሪገን ያለው ቫንስ የተባለ ኩባንያ ቆርቆሮውንና ንድፉን ይልካል፣ ቀሪውን ባለቤቱ ይታገለዋል፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሪቬት አለበት። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሰው ከሥራው ከግማሽ የሚበልጠውን ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ ራሱ ከሠራው፣ አውሮፕላኑ ተመርምሮ ይፈቀድለታል፤ በመግቢያው አጠገብ ግን «ኤክስፔሪሜንታል» የሚል ቃል በትልቁ ይጻፍበታል። ፖል ፖቤሬዝኒ የሚባል ሰው በ1953 ዊስኮንሲን ውስጥ የእነዚህን የጋራዥ ሰዎች ማኅበር መሠረተ፤ ዛሬም በየዓመቱ በሐምሌ ማለቂያ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ ይሰበሰባሉ። እኔ ቦሌ ሳለሁ አንዲት ብሎን እንኳ ያለ ወረቀትና ያለ ፊርማ አትታሰርም ነበር። ሰው በጋራዡ አውሮፕላን ሠርቶ ይበራል ሲሉኝ ለጊዜው የአእምሮ ነገር መስሎኝ ነበር።

ስማቸውን በቁሙ መጥራት አፌ እምቢ አለኝ። የአባቴ እኩያ ናቸው። «ጋሼ» አልኳቸው። ትርጉሙን ጠይቀው ከነገርኳቸው በኋላ ሌላ ስም እንድጠራቸው አልፈለጉም፤ ስልክ ደውለው «ጋሼ ነኝ» ነበር የሚሉት። ባለቤታቸውም እትዬ ሆኑ። በእንግሊዝኛ አንተም እርስዎም አንድ ቃል ነው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ እርስዎ እንዳልኳቸው ነው።

ከዚያ መስከረም መጣ። ሲያትል የቦይንግ አገር ናት፤ ሰማይዋ ዝም ብሎ አያውቅም። የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች በአውሮፕላን በተመቱበት በዚያ ማክሰኞ ከዳሴ ወጥቼ ቀና ስል ሰማዩ ባዶ ነበር። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች በቀናት ውስጥ ተመለሱ፤ ለትናንሾቹ ግን እገዳው ቆየ። ጋሼ ቅዳሜ ደወሉልኝ። «መብረር ካልቻልኩ እንሥራ፤ ና» አሉ። ጋራዡ የአሉሚኒየም ብናኝ፣ የውሻና የቀረፋ ሽታ አለው፤ እትዬ ከወጥ ቤት የፖም ዳቦ ይጋግራሉ። ጋሼ አንድ ደብተር ገለጡና የደበቁትን ነገር አወሩኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የራሳቸውን ሳይሠሩ፣ በኪራይ አውሮፕላን ካስኬድ ተራሮች ላይ ደመና ውስጥ ነበሩ። በዚያ ዘመን አድማስን የሚያሳየው መሣሪያ ውስጡ የሚሽከረከር ጋይሮ ነው፤ የሚያሽከረክረው ደግሞ ሞተሩ ላይ የታሰረ ፓምፕ የሚስበው አየር ነው። ፓምፑ ተሰበረ። ጋይሮው ግን ወዲያው አይቆምም፤ በጉልበቱ ይሽከረከራል፣ ቀስ ይላል፣ ከዚያ ሳይታወቅ ይዘማል። ጋሼ አድማሱ ወደ ግራ አዘነበልክ ሲላቸው ወደ ቀኝ ያርማሉ፤ እሱ ይብሳል፣ እሳቸው ይከተሉታል። «ሞቶ ቢሆን አውቅ ነበር» አሉኝ። «እየሞተ ሳለ ያለ መሰለኝ።» ያተረፋቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የመዞሪያ መሣሪያ ተቃራኒውን ሲናገር ማየታቸውና ደመናው ከሥር ማለቁ ነው። በ1954 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ያለ መሣሪያ መብረር የማያውቁ 20 አብራሪዎችን ውጭውን እንዳያዩ አድርጎ ሞክሯል፤ ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የፈጀባቸው 178 ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የሰው ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ደመና ውስጥ እንደዚያ ያደርጋል።

ጋሼ የፈለጉት ያለ ፓምፕ፣ ያለ ሽክርክሪት፣ በኤሌክትሮኒክስ አድማስን፣ ፍጥነትንና ከፍታን በአንድ ትንሽ ስክሪን የሚያሳይ ነገር ነው። ለንግድ አውሮፕላኖች ነበረ፤ ዋጋው ግን የጋሼን አውሮፕላን ከነሞተሩ ይገዛል። በጋራዥ ለተሠራ አውሮፕላን መሣሪያው የመንግሥት ማረጋገጫ እንዲኖረው ግዴታ የለም፤ ባለቤቱ ሠርቶ፣ ፈትኖ፣ በራሱ ላይ ፈርዶ ይበርበታል። «አንተ ካውያውን፣ እኔ ሒሳቡን» አሉኝ። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ።

ከቀላሉ ጀመርን፤ ከፍጥነቱ። አፍንጫው ወደ ፊት የተከፈተ ቱቦ ነፋሱን ይቀበላል፤ ግፊቱን ከጸጥተኛው አየር ግፊት ጋር ስታስተያየው ፍጥነት ይወጣል። ያንን ግፊት የሚለካውን ቺፕ በምን ልናምነው? ጋሼ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ወስደው እንደ ሀ ፊደል አጥፈው በጣውላ ላይ ቸነከሩት፤ ውሃ ሞሉበትና መሃሉ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ለጠፉ። ባየሁት ጊዜ አንጀቴ ተላወሰ። አባቴ ግንበኛ ነበር። መሠረት ሲያወጣ ረዥም ግልጽ ጎማ ውሃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ እኔን ያስይዘኛል፣ ሌላውን ይዞ ግቢውን ይሻገራል። ውሃ ልክ ይለዋል። «አረፋ እንዳይቀርበት፤ አረፋ ካለ ቤቱ ይዘማል» ይላል፤ እኔም ጎማውን በጣቴ ቸብ ቸብ አድርጌ አረፋውን አስወጣለሁ። በጋሼ ጋራዥም እጄ ሳላዘው ቱቦውን ቸብ ቸብ አደረገ። በአብራሪዎች የፍጥነት መለኪያ 100 ኖት ማለት የሁለቱ ክንድ ውሃ 16 ሳንቲሜትር ተኩል ሲለያይ ነው፤ 50 ኖት ላይ ግን 4 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ምክንያቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጋሼ በአፋቸው ቱቦውን እፍ ይላሉ፣ እኔ የቺፑን ቁጥር እጽፋለሁ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ለከፍታው ደግሞ የሐኪም መርፌ፣ ትልቁን ዓይነት፣ ከቱቦው ጋር አገናኘን። መግፊያውን ወደ ኋላ ስትስበው አየሩ ይሳሳል፣ መሣሪያው ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል። ጋራዡ ከባሕር ወለል እምብዛም አይርቅም። እየሳብኩ፣ ጋሼ ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ሦስት ሺህ ጫማ፣ አምስት ሺህ፣ ሰባት ሺህ። 7,600 ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «ምነው?» አሉ። «ይህ ቦሌ ነው» አልኳቸው። የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታ እዚያ ገደማ ነው። አገሬን ከለቀቅኩ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አባቴ በተለየሁ በዓመቱ አርፎ አልቀበርኩትም። ጋሼ ምንም ሳይሉ እርሳስ አነሱና በደብተሩ ጠርዝ ላይ «ቦሌ» ብለው በፈረንጅ ፊደል ጻፉ፤ እኔም መግፊያውን እዚያው ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

አስቸጋሪው አድማሱ ነበር። አባቴ «ቱንቢ አይዋሽም» ይል ነበር። ከናስ የተሠራች፣ ጫፏ ሹል የሆነች ቱንቢ ነበረችው፤ ከጣቱ ላይ አንጠልጥሎ ትንፋሹን ይዞ እስክትረጋ ይጠብቃል። ግን ቱንቢ የማይዋሸው መሬት ላይ ነው። መኪናው መስተዋት ላይ መቁጠሪያ የሚያንጠለጥል ሾፌር ያውቀዋል፤ መኪናው ሲታጠፍ መቁጠሪያው ወደ ውጭ ይሸሻል። አውሮፕላን ውስጥ ይብሳል። አውሮፕላኑ በተስተካከለ ዙር ላይ ሳለ ክንፉ 30 ዲግሪ ቢዘምም ቱንቢው ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ «ቀጥ ብለሃል» ይልሃል። በቺፕ የተሠራ ቱንቢም ያንኑ ይላል። ስለዚህ ጋይሮ ያስፈልጋል፤ በሰከንድ ስንት ዲግሪ እንደዞርክ የሚቆጥር። የጋይሮ ችግር ደግሞ እያደር መንሸራተቱ ነው፤ ትንሽ ስህተት በትንሽ ላይ ይደምራል። ጋሼ ደብተሩ ላይ የጻፉት ሒሳብ ሁለቱን የሚያስታርቅ ነው፤ ለሰከንዱ ጋይሮውን እመን፣ ለደቂቃው ቱንቢውን፣ በሚታጠፍበት ጊዜ ደግሞ በፍጥነቱ እያረምክ። እዚያ ለመድረስ አንድ ዓመት ሄደ።

ደግነቱ በ2002 መገባደጃ አናሎግ ዲቫይስስ የተባለ ኩባንያ 7 ሚሊሜትር በ7 ሚሊሜትር የሆነ ጋይሮ አወጣ። ውስጡ ከሲሊኮን የተቀረጸ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ይርገበገባል፤ ቺፑ ሲዞር እርግብግቡ ይዛነፋል፣ ያ መዛነፍ በኤሌክትሪክ ይለካል። እግር የለውም፤ ከሆዱ ሥር ጥቃቅን የስታኞ እንክብሎች ናቸው ያሉት፤ ካውያ አይደርስባቸውም። ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ የዳቦ መጥበሻ ምድጃ ገዛሁና በእሱ አበሰልኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አቃጠልኩ። ሦስተኛውን በባትሪ መብራት በመስተዋቱ እያየሁ፣ እንክብሎቹ ቀልጠው ቺፑ ፀጉር ታክል ዝቅ ብሎ ቦታው ላይ ሲቀመጥ፣ ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ አሳየኋት። ነርሲንግ ሆም ሌሊት ሠርታ የተኛች ሴት ናት፤ ከዚያም በላይ የመጀመሪያ ልጃችንን እርጉዝ ነበረች። ያኔ አልታሰበኝም። ምድጃውን በማግስቱ ከማድቤት አውጥታ ደጅ አስቀመጠችው፤ ያ ሽታ ያቅለሸልሻታል።

ሣጥኑን የፈተንነው በመኪናችን ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ከጎኔ ሣጥኑን ጭኗ ላይ ይዛ የላፕቶፑን አድማስ ታነባለች። የአንድ ትልቅ ገበያ ባዶ ማቆሚያ ውስጥ በዝናብ ክብ ክብ እዞራለሁ። «ዘመመ» ትላለች፤ «ተመለሰ»፤ «እንደገና ዘመመ»። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ሣጥኑ ወደ ጉልበቷ ሸሸ። አንድ ማታ «ይሄ ነገር ከሚነግረኝ ይልቅ ማቅለሽለሼ እውነቱን ይነግረኛል» አለችኝ፤ አቁሜ ወደ ቤት ወሰድኳት። እስከ ዛሬ ስለዚያ ክረምት ሳስብ ልቤ ይነካል። ሃያ ምናምን ዓመት አለፈው፤ አንድ ቀንም በክፉ አንስታብኝ አታውቅም።

አሁን የምነግራችሁን ግን ለማንም ሳልነግር ቆይቻለሁ። በ2003 መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ማታ ሣጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አድማሱ እንደ ውሃ ልክ ረግቶ ሳለ ስልኬ ጠራ። ስልኩ ከሣጥኑ አንድ ጋት ርቀት ላይ ነበር። አድማሱ ሦስት ዲግሪ ያህል ዘመም አለና ተመለሰ። አየሁት። ምን እንደሆነም ገብቶኛል። ያ ጋይሮ በሰከንድ አንድ ዲግሪ መዞርን የሚናገረው በ12.5 ሚሊቮልት ነው፤ ከአንድ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ጉልበት መቶ ሃያኛዋ ናት። የሬዲዮ ሞገድ በሽቦው ገብቶ ያንን ያህል ከሠራ፣ ቆሞ የተቀመጠውን ሣጥን የዞረ ያስመስለዋል። ሬዲዮ ጠጋኝ ሆኜ ይህን ሳላውቅ አልቀረሁም። ግን በማግስቱ ቅዳሜ ጋሼ ሣጥኑን አውሮፕላኑ ላይ ሊያስሩት ቀጠሮ ነበረን፤ እትዬ ኬክ ጋግረዋል፤ ከማኅበሩ ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ። እነዚያ ሰዎች «ከቦሌ የመጣው መሐንዲስ» ይሉኝ ነበር። በዚህ አገር እንደዚያ ብሎ የጠራኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝም አልኩ።

ጋሼ በጠራ ቀን፣ አሮጌውን መሣሪያ ከጎኑ አድርገው በረሩበት። ሲመለሱ ፊታቸው ደስ ብሎት ነበር። «አንድ ነገር አለ» አሉ። «ከማማው ጋር ሳወራ አድማሱ ይዘማል። ዝም ስል ይመለሳል።» ምናልባት አንቴናው ይሆናል አልኳቸው። ሁለት ቅዳሜ አንቴናውን ስንፈታና ስናስር ዋልን። የእኚያ ሽማግሌ ጉልበት በብርድ ሃንጋር ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ፣ እኔ የማውቀውን ነገር ይፈልጋል። በሁለተኛው ቅዳሜ ከክንፉ ሥር ሲወጡ ወገባቸውን ይዘው ለመቆም ሲታገሉ ሳይ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ስልኩንም፣ ሦስቱን ዲግሪም፣ ነገርኳቸው።

«አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አይቼው ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን?»

«ፈራሁ።»

የቡና ኩባያቸውን ክንፉ ላይ አስቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ረዥም ጊዜ ሃንጋሩ በር ላይ ዝናቡን ሲያዩ ቆዩና፣ «እኔ ያንን ፓምፕ የተቀየምኩት ስለሞተ አይደለም፤ ሳይነግረኝ ስለሞተ ነው» አሉ። ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፤ አራት ማዕዘን ሣሉና በላዩ ከጥግ እስከ ጥግ ኤክስ አደረጉበት፤ አስተማሪ የተሳሳተ መልስ ላይ እንደሚያደርገው። «ሣጥኑ ሳያውቅ ሲቀር አድማሱን ያጥፋና ይህን ያውጣ። መጀመሪያ እሱን እንሥራ፤ ማስተካከሉ ይደርሳል።»

እንደዚያው ሠራን። ሣጥኑ ጋይሮው የሚለውን ከኮምፓሱና ከጂፒኤሱ ጋር ያስተያያል፤ አንዱ ዞረናል፣ ሌላው አልዞርንም ካለ፣ ወይም ቺፑ ሊሆን የማይችል ቁጥር ከላከ፣ አድማሱ ይጠፋል፣ ስክሪኑን ቀይ ኤክስ ይሞላዋል። ከዚያ ወደ ጥፋቴ ተመለስን። የመሬት ሽቦውን ሁለት ቦታ አስሬው ነበር፤ አንዱን ቆረጥኩ። በየጋይሮው ጎን ትንንሽ ካፓሲተር አደረግኩ። የፕላስቲኩን ሣጥን ጥዬ፣ ከአውሮፕላኑ ክንፍ ከተረፈ ቆርቆሮ ይህንን አሉሚኒየም ጋሼ በሪቬት ሠሩልኝ። ሬዲዮውን ተጭነው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ አድማሱ ንቅንቅ አላለም። ልጃችን የተወለደው በዚያው ሳምንት ነው።

በበጋው ይዘውኝ ወጡ። አርቪ ስድስት ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ትከሻችን ይነካካል። የባሕሩ ሰርጥ ከሥራችን፣ ማውንት ሬኒየር በረዶውን ተከናንቦ በስተደቡብ። «ዓይንህን ጨፍን» አሉኝ። ጨፈንኩ። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ መቀመጫዬ ላይ ተደላድዬ ተቀምጫለሁ። «አሁን እንዴት ነን?» አሉ። «ቀጥ ብለናል» አልኩ፤ በእርግጠኝነት። «ግለጥ።» ክንፉ ወደ ባሕሩ ወርዶ ነበር፤ ስክሪኑ 30 ዲግሪ ይላል፤ ውጭ ያለው አድማስና በስክሪኑ ላይ ያለው አድማስ ገጥመው አንድ መስመር ሆነዋል። ቦሌ ሰባት ዓመት ስንቱን አድማስ ፈትቼ ጠግኛለሁ፤ ምን እንደሚጠብቅ በሰውነቴ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በዚያው በ2003 ከእኛ ብዙም በማትርቀው ዉዲንቪል ዳይነን የተባለ ኩባንያ አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ አድማስ ለጋራዥ አውሮፕላኖች አወጣ፤ ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ። ሚሺገን ውስጥም ደቡብ አፍሪካም የሚሠሩ ነበሩ። ጋሼ የዳይነንን አይተው መጥተው «ከእኛ ይሻላል» አሉ፤ ደስ ብሏቸው ነው የተናገሩት። የእኛን ሁለተኛ አልሠራንም። በ2016 የአገሪቱ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ያ የጋራዥ ሰዎች መሣሪያ በሴስና 150፣ 152ና 172 በመሳሰሉ የፋብሪካ አውሮፕላኖች ላይ እንዲታሰር ሲፈቅድ ጋሼ ደውለው ያነበቡልኝን አስታውሳለሁ፤ ድምፃቸው ያኔ ደክሞ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ የውሃ ቱቦ ሰሞን ስለ ፀሐይ ነግሬአቸው ነበር፤ በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ ስለሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ስለተሰየመችው አውሮፕላን። ጣሊያን ወርሮን ወስዷት ሙዚየም ውስጥ እንዳለች ነገርኳቸው። «እንግዲያው እናንተም የጋራዥ ሰዎች ናችሁ» አሉኝ፤ ያንን ንግግር ወድጄው ኖርኩ። በ2024 ጥር ፀሐይ አገሯ ተመለሰች ሲባል ልነግራቸው ስልክ አነሣሁ። ቁጥራቸውን ግማሽ ከነካሁ በኋላ ነው ያረፉ መሆናቸው ትዝ ያለኝ።

አውሮፕላኑን የገዛው ሰው ዳሽቦርዱን ሙሉ በትልቅ ስክሪን ቀይሮታል፤ ጥሩ አደረገ። የወጣውን ሣጥን ለእትዬ ሰጣቸው፣ እሳቸው ለእኔ ላኩት። ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና ይጠጋል፤ ካርቶኑ ላይ አድራሻዬን በሚንቀጠቀጥ እጅ ጽፈውታል። ትናንት ማታ ከአባቴ ቱንቢ ጎን አስቀምጬ በ12 ቮልት አበራሁት። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ያያል፤ በእናቱ ሆድ ሆኖ የሚያውቀውን ነገር መሆኑን ነገርኩት። ስክሪኑ ትንሽ ተርገብግቦ በራ። ፍጥነት ዜሮ፣ ከፍታውም ትክክል ነው። ከዚያ አድማሱ መሆን በነበረበት ቦታ ቀይ ኤክስ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ ለካሁ፤ ከሦስቱ ጋይሮዎች አንዱ ሞቷል።